የአርቦሬ አረጋውያን፤ የመጦርና የመቋቋም ጥያቄ

1. መነሻ

ባገራችን ልጅ የወለደ ሰው «ጧሪ ቀባሪ ያድርግልህ» ተብሎ ይመረቃል። በዚህ አጭር ምርቃት ውስጥ ያገራችን የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ተጠቅልሎ ይገኛል ለማለት ይቻላል፤ ይኸውም ወላጅ ጉልበቱ ሲደክም የሚመግበውና የሚያለብሰው፣ ሲሞትም የሚቀብረው ልጁ ነው ማለት ነው። «ጡረታ» የሚለው ቃላችንም ከዚሁ «ጦረ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። እንግዲህ ጡረታ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የቤተ ሰብ ጉዳይ ነበር። ለሚበዛው ያገራችን ገበሬና አርብቶ አደር ዛሬም የቤተ ሰብ ጉዳይ ብቻ እንደ ሆነ ይኖራል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ፣ ልጅ ወላጁን የሚጦርበት ሥርዓት በድርቅ፣ በስደት ወይም በኑሮ ለውጥ ሲላላ ምን ይተካዋል? የሚለው ነው። ነገሩን በጥቅሉ ተናግረን እንዳናልፍ ባንድ ሕዝብ ኑሮ ላይ አድርገን እናየዋለን፤ ይኸውም በደቡብ ኦሞ የሚኖረው የአርቦሬ ሕዝብ ነው። አርቦሬን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ በዚያ አገር ሽማግሌ ከፍ ያለ ክብር ስላለው «የገጠር ሽማግሌ በባህሉ ይጦራል፤ ችግሩ የከተማ ነው» የሚለውን የተለመደ አስተያየት ለመመዘን ስለሚመች ነው። ሁለተኛው፣ የሕዝቡ ቁጥር አነስተኛ ስለ ሆነ የችግሩን መጠን በግልጽ ለመገመት ስለሚያስችል ነው።

2. አገሩና ኑሮው

አርቦሬ የሚገኘው ከወይጦ ተነሥቶ ወደ ቱርሚ በሚወስደው መንገድ፣ ከጨው ባሕር በስተ ሰሜን ባለው ሞቃት ቆላ ነው። አስተዳደሩ በሐመር ወረዳ ነው። ሕዝቡ ራሱን «ሆር» ብሎ ይጠራል፤ ቋንቋው ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን ነው። ቀደምት መንደሮቹ ጋንደራብ፣ ኩላማ፣ ሙራሌና ኤጉዴ ይባላሉ። ጎረቤቶቹም ፀማይ፣ ሐመር፣ ዳሰነች፣ ቦረናና ኮንሶ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የብሔረሰቡ ቁጥር ሰባት ሺህ ገደማ ነበር።

ኑሮው በሁለት እግር የቆመ ነው። አንደኛው ከብት ነው፤ ሁለተኛው የወይጦ ወንዝ ሞልቶ ሲፈስና ሲመለስ በሚተወው እርጥብ መሬት ላይ የሚዘራው ማሽላ ነው። ስለዚህ ወንዙ በቂ ውሃ ካላመጣ እህሉ ይጎድላል፤ ዝናብ ከጠፋ ወተቱ ይደርቃል። ከላይ በወይጦ ሸለቆ የጥጥ መስኖ እርሻ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ውሃው በመጀመሪያ የሚደርሰው ለላይኛው ነው፤ የታችኛው የተረፈውን ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሽማግሌ ጡረታ በአርቦሬ የሚከፈለው በወተትና በማሽላ ነው። ስለዚህ የወንዙና የግጦሹ ጉዳይ የጡረታ ጉዳይ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ ያለቀው ከብት የጎልማሳው ሀብት ብቻ አልነበረም። የሽማግሌውም የጡረታ ገንዘብ አብሮ አልቋል።

3. የሽማግሌው ክብርና የሽማግሌው ችግር

«ሽማግሌ» የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ያመለክታል፤ በእድሜ የገፋን ሰውና የተጣላ የሚያስታርቅን ሰው። በአርቦሬ ሁለቱ ትርጉሞች እስካሁን አልተለያዩም። ወንዶች ከእድሜ እኩዮቻቸው ጋራ በየክፍላቸው ተመድበው ያድጋሉ፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ስም አለው፤ ክፍሉ ከፍ እያለ ሲሄድ በሕዝቡ ጉዳይ ላይ ያለው ቃል ከፍ ይላል። የዚህ ሥልጣን ውጤት በቅርብ ዘመን ታይቷል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1993 የአርቦሬ ሽማግሌዎች አነሣሽ ሆነው ጎረቤቶቻቸውን ሐመርን፣ ዳሰነችን፣ ቦረናን፣ ኮንሶንና ፀማይን ወደ አገራቸው ጠርተው ትልቅ የእርቅ ጉባኤ አድርገዋል። ጉባኤውም ኢቮ ሽትሬከርና አሉላ ፓንክረስት ባዘጋጁት ፊልም ተቀርጾ ይገኛል።

እንግዲህ ይህን የመሰለ አገልግሎት ለአገር የሚሰጥ ሰው ጉልበቱ ሲያልቅ ምን ያገኛል? አንድ የመንግሥት ጸሐፊ በሕጉ የተወሰነውን ዘመን አገልግሎ 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይቆረጥለታል። በሁለት ሕዝብ መካከል ጦር እንዳይነሣ ሌሊቱን ሲመክር ያደረ ሽማግሌ ግን የሚቆረጥለት ነገር የለም። ይህን የምንለው ጸሐፊው አይገባውም ለማለት አይደለም፤ አገልግሎት የሚባለውን ነገር መዝገብ ላይ በተጻፈው ብቻ እንደምንለካ ለማሳየት ነው።

ከዚህም በላይ ክብርና ጡረታ አንድ አይደሉም። በጉባኤ ላይ ቃሉ የሚሰማ ሽማግሌ በቤቱ የሚበላው ላይኖረው ይችላል። ነገሩን ለማብራራት ሦስት ዓይነት ሰዎችን እናስብ።

የመጀመሪያው፣ ከብት ያለውና ወንዶች ልጆች ያደጉለት ሽማግሌ ነው። ይህ ሰው ደህና ዓመት ሲሆን ይጦራል። ዳሩ ግን ድርቅ ሲመጣ ጎረምሶቹ ከብቱን ይዘው ወደ ሩቅ ግጦሽ ይሄዳሉ፤ ወተቱም ከላሚቱ ጋራ ይሄዳል። ረጅም መንገድ መሄድ የማይችሉት ሽማግሌና ሕፃናት በመንደር ይቀራሉ። ልጁ አባቱን አልካደም፤ ሆኖም አባቱ ይራባል። ይህ ችግር ከጠባይ ሳይሆን ከርቀት የሚመጣ ነው።

ሁለተኛዋ፣ ባሏ የሞተባትና ወንድ ልጅ የሌላት ባልቴት ናት። የሴት ሥራ በእድሜ ምክንያት አይቀልላትም። ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ማሽላ በድንጋይ ወፍጮ መፍጨት ሁሉ ጉልበት የሚጠይቅ ነው። የልጅ ሚስት ወይም የልጅ ልጅ ከሌለች እህል በቤት እያለ እንኳ መብላት ያስቸግራል፤ ያልተፈጨ ማሽላ እራት አይሆንምና። የእድሜ ክፍሉ ሥርዓት በይበልጥ የወንዶች ስለ ሆነ እሷ በጉባኤው ያላት ቦታ ያነሰ ነው።

ሦስተኛው፣ ዓይኑ የጠፋ ወይም እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ነው። ይህ ሰው ሁለት ጊዜ ይቸገራል፤ አንድ ጊዜ ራሱ ሥራ በማጣቱ፣ ሁለተኛ ጊዜ እሱን የሚመራ ልጅ ከጥበቃ ወይም ከትምህርት ቤት በመቅረቱ። ስለዚህ ያንድ ሽማግሌ ዓይነ ስውርነት ያንድ ልጅ መሃይምነት ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ ሦስት ምሳሌዎች የምንረዳው፣ ባህሉ የሚጦረው ሀብትና ልጅ ያለውን ሰው፣ ያውም ደህና ዓመት ሲሆን ነው። «በባህሉ ይጦራል» የሚለው አነጋገር ሐሰት አይደለም፤ ጎደሎ ነው እንጂ።

4. መቋቋም ሲባል

«መልሶ ማቋቋም» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ከጦርነት ወይም ከጎርፍ በኋላ ነው። በሽማግሌ ረገድ ግን ትርጉሙ እንደ ቃሉ ነው፤ ሰውን መልሶ እንዲቆም ማድረግ ነው። አንድን የ70 ዓመት ሰው እንደ 30 ዓመት ጎረምሳ ለማድረግ የሚያስብ የለም። የሚፈለገው ራሱን ችሎ ከቤት እንዲወጣ፣ ምግቡን አይቶ እንዲበላ፣ ወደ ጥላው ሄዶ ከእኩዮቹ ጋራ እንዲመክር ነው።

በዚህ ረገድ በመጀመሪያ የሚጠቀሰው ዓይን ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005ና በ2006 በመላ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር፣ 3.7 ያህሉ ደግሞ የማየት ኃይሉ የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን ያመጣው የዓይን ሞራ ነው፤ ከመቶ 11 ያህሉ ደግሞ በትራኮማ የመጣ ጠባሳ ነው። ሞራ በእድሜ ይመጣል፤ ነገር ግን በአጭር ቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። በትራኮማ ምክንያት ቆቡ ወደ ውስጥ ታጥፎ ፀጉሩ ዓይንን የሚወጋበት በሽታም፣ ጠባሳው ብርሃኑን ሳያጠፋ ከተደረሰበት፣ የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ ሊያስተካክለው የሚችል ነው። ይህ በሽታ ሕፃናትን በሚያሳድጉ ሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ ይበረታል። እንግዲህ ካገራችን ዓይነ ስውርነት የሚበዛው ሊድን ወይም ሊከለከል የሚችል ነው ማለት ነው። ላንድ ባልቴት ዓይኗን መመለስ ከብዙ ወር የእህል እርዳታ ይበልጣል፤ ለሷም ለምትመራት ልጅም ነጻነት ነውና።

ሁለተኛው እግርና መገጣጠሚያ ነው። ለዚህ ትልቅ ሆስፒታል መሥራት የግድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1978 የአልማ አታ ጉባኤ ወዲህ ያስፋፋው አሳብ፣ በኅብረተ ሰቡ ውስጥ የሚደረግ ማቋቋም የሚባለው፣ መሠረቱ ቀላል ነው። የሠለጠነ ሰው ወደ ቤት ይሄዳል፤ ለቤተ ሰቡ እንዴት እንደሚያነሡት፣ እንዴት እንደሚያራምዱት ያሳያል፤ ምርኩዙም በመንደሩ እንጨት በልኩ ይሠራል። አርቦሬ እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ እንጨት ጠርቦ በርጩማና ምርኩዝ የሚያበጅ እጅ አያጣም። የሚጎድለው የሚያሳይ ሰው ነው።

5. ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ የለንም ለማለት አይቻልም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት የአቅሙን ያህል የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንን፣ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን ለማቋቋምና ለመርዳት እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል። በ1989 ዓ.ም. የልማታዊ ማኅበራዊ ደኅንነት ፖሊሲ ወጣ። ቀጥሎም ከ1998 እስከ 2007 ዓ.ም. የሚደርስ የአረጋውያን ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብር ተዘጋጀ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ጸደቀ።

ጥያቄው ከእነዚህ ወረቀቶች የትኛው እስከ አርቦሬ ደረሰ? የሚለው ነው። የጡረታ ሕግ ከአዋጅ ቁጥር 209/1955 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛውን ይዞ ቆይቶ፣ በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኛውንም ጨምሯል። ሁለቱም ደመወዝተኞች ናቸው። ደመወዝ በልቶ የማያውቅ አርብቶ አደር አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሕግ ውስጥ አይገባም።

ለደመወዝ አልባው የቀረበው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። በዚህ ፕሮግራም ጉልበት ያለው በሕዝብ ሥራ ተሠማርቶ ይከፈለዋል፤ ሠራተኛ የሌለበት የሽማግሌ ወይም የሕሙም ቤተ ሰብ ግን ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛል። ይህ መልካም ሥርዓት ነው። ሆኖም መለኪያው ሰው ሳይሆን ቤተ ሰብ ነው። ከላይ እንዳየነው ወንዶች ልጆቹ ከከብት ጋራ ሩቅ የሄዱበት ሽማግሌ በመዝገብ ላይ ባለ ጉልበት ቤተ ሰብ ነው፤ በመንደሩ ግን ብቻውን ነው። መዝጋቢው ይህን ልዩነት ካላየ ሽማግሌው ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም እንዲሁ ነው። አምስት ሺህ ሰው ገደማ ባለበት ቀበሌ ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ ሆኖ ሲታቀድ፣ መጀመሪያ ከተዘጋጁት 16 የሥራ ክፍሎች የሚበዙት ለእናቶች፣ ለሕፃናት፣ ለንጽሕናና ተላላፊ በሽታን ለመከላከል ነበሩ። ይህ ቅደም ተከተል ብዙ ሕፃናትን ከሞት አድኗልና አንነቅፈውም። ነገር ግን ለአረጋውያን ለብቻው የተመደበ ክፍል አልነበረም።

6. የእድሜ ማስረጃ

አንድ ትንሽ የሚመስል፣ ግን ብዙ ነገር የሚያሰናክል ጉዳይ አለ። ፖሊሲው አረጋዊ የሚለው 60 ዓመት የሞላውን ነው። የአርቦሬ ሽማግሌ ግን የልደት ወረቀት የለውም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ባገራችን በመላው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ዛሬ ለሚወለደው ይጠቅማል እንጂ ለትላንቱ ማስረጃ አያመጣም። እንዲህ ሲሆን እድሜው የሚጻፈው በመዝጋቢው ግምት ይሆናል።

እኛ እንደሚመስለን መፍትሔው በሕዝቡ እጅ ይገኛል። የእድሜ ክፍል ያለው ሕዝብ እድሜውን የማያውቅ ሕዝብ አይደለም፤ በሌላ መንገድ የሚቆጥር ሕዝብ ነው። ማን ከማን እንደሚቀድም፣ የትኛው ክፍል ከየትኛው በኋላ እንደ መጣ ሽማግሌዎቹ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ይህን ቅደም ተከተል ዓመታቸው ከታወቀ ነገሮች ጋራ ማገናኘት ይቻላል። ለምሳሌ አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ስድሳ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። የሥነ ሕዝብ ተመራማሪዎች የልደት መዝገብ በሌለበት አገር ሁሉ የሚጠቀሙበት ዘዴ ይኸው ነው። ባንድ ክፍል ያሉ ሰዎች እድሜ ሰፋ ያለ ልዩነት ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ክፍሉ ብቻውን አይበቃም፤ እያንዳንዱን ከእኩዮቹ ጋራ ማስተያየት ያስፈልጋል። ለሴቶች ደግሞ የባልን ክፍል መያዝ ያሳስታል፤ ሚስት ከባሏ በብዙ ዓመት ልታንስ ትችላለችና። ከወንድሞቿ ጋራ ማስተያየት ይሻላል።

7. ከሌሎች አገሮች

በጃፓን ከመቶ ሰው ሃያ ዘጠኝ ያህሉ 65 ዓመት ያለፈው ነው። መንግሥቱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000 የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን አቁሞ፣ ሠራተኛው መዋጮ እየከፈለ ሽማግሌው በቤቱ ወይም በተቋም እንዲረዳ አድርጓል። ይህ ለባለጠጋ አገር የተሠራ ነው። ለኛ የሚቀርበው የጎረቤታችን የኬንያ ሥራ ነው። ኬንያ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2018 ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላቸውና ሌላ ጡረታ ለሌላቸው ዜጎች በወር 2000 የኬንያ ሽልንግ የምትሰጥበትን ሥርዓት አቁማለች። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ክፍያውም አንዳንድ ጊዜ ይዘገያል። ሆኖም መሠረቱ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የሚሰጠው ለቤተ ሰብ ሳይሆን ለሰው ነው። ልጁ ሩቅ ቢሄድም ሽማግሌው አይቋረጥበትም።

ባገራችንም በ2002 ዓ.ም. በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው የመቄዶንያ ማኅበር ከአዲስ አበባ ጎዳና ያነሣቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ሲጦር እናያለን። ይህ የሚያኮራ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ለአርቦሬ ሽማግሌ የመጦሪያ ቤት አይስማማውም። እሱን ከእኩዮቹ፣ ከከብቱ ድምፅና ከጉባኤው ጥላ አውጥቶ በጂንካ ወይም በአርባ ምንጭ አልጋ ላይ ማስተኛት፣ ሥጋውን መግቦ ሽማግሌነቱን መግፈፍ ይሆናል።

8. ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ የችግሩን ልክ እንገምት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ባገራችን 60 ዓመት የሞላው ሰው ከመቶ አምስት ያህል ነበር። በአርቦሬ በዚሁ ልክ ብንቆጥር ከሰባት ሺህ ሰው ሦስት መቶ ሃምሳ ገደማ ይሆናል። ይህ ግምት ነው እንጂ ቆጠራ አይደለም። ቢሆንም የሚያስተምረን ነገር አለ፤ ሦስት መቶ ሃምሳ ሰው በስሙ ሊታወቅ የሚችል ሕዝብ ነው። ስለዚህ «አቅም የለም» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይበቃም።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው በእድሜ ክፍል ቅደም ተከተል እየመሰከሩ የአረጋውያን መዝገብ በየመንደሩ ይዘጋጅ፤ ባልቴቶችም ለብቻቸው ይመዝገቡ።

2ኛ፣ ቀጥተኛ ድጋፍ ሲመደብ፣ ሽማግሌው በድርቅ ወራት ከማን ጋራ እንደሚቀር ይጠየቅ። መልሱ «ከማንም» ከሆነ የልጆቹ ቁጥር አያስከለክለው።

3ኛ፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን የዓይን ምርመራ ወደ መንደር ይምጣ፤ ቆብ የታጠፈበት በቅርቡ፣ ሞራ ያለበት ወደ ሆስፒታል ተወስዶ ይታከም። የመመለሻ መጓጓዣው አብሮ ይታሰብ፤ ብዙ ሰው ሕክምናን የሚሸሸው የሚመልሰው ስለማያገኝ ነውና።

4ኛ፣ የሞተር ወፍጮና የቀረበ ውሃ የልማት ሥራ ብቻ ሳይሆኑ የባልቴቶች ጡረታ መሆናቸው ይታወቅ።

5ኛ፣ ወረዳው ሽማግሌዎችን ለእርቅ በጠራ ቁጥር የመንገዳቸውንና የመኝታቸውን ወጪ ይቻል። ይህ ምጽዋት ሳይሆን የሥራ ዋጋ ነው።

ስለ ራሳችስ ምን እንላለን? በዚህ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ተከፍቶ፣ በ1974 ተዘግቶ፣ በ2004 እንደ ገና ተከፍቷል። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልክ ነበር። ያ አገልግሎት ዛሬ የለም፤ የክረምት ዕረፍት ግን አለ። ከመካከላችን ከደቡብ ኦሞ የመጡ አሉ፤ እነሱ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ቋንቋውንና ሽማግሌዎቹን ይዘው ነው የሚጀምሩት። ሕክምና የሚማረው ዓይን ለመመርመር፣ ሕግ የሚማረው የምዝገባውን ደንብ ለማስረዳት፣ ማኅበራዊ ሥራ የሚማረው መዝገቡን ለማዘጋጀት ከእነሱ ጋራ ሊሰለፍ ይችላል።

በመጨረሻ አንድ ነገር አንርሳ። ከአርቦሬም ሆነ ከሌላው ገጠር ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤት የገባ እያንዳንዱ ተማሪ ካንድ ሽማግሌ ቤት የጎደለ አንድ ጧሪ ነው። ትምህርቱ መልካም ነው፤ መቅረት የለበትም። ነገር ግን ወላጆቻችን ጧሪያቸውን ለአገር ካበደሩ፣ አገርም ብድሩን መልሳ መጦር ይገባታል። ይህን ማስታወስና ማስፈጸም ከማንም በፊት የኛ የተበዳሪዎቹ ሥራ ነው።